የባሕር ዛፍ ዘይት የእንፋሎት ግፊት፦ 26 ሚሊ ሜትሩ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ከነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት ያወጣሁትን ዘይት ፍላስክ ውስጥ ዘግቼ፣ አየሩን በፓምፕ ስቤ፣ ከሜርኩሪ ማኖሜትር (ግፊት መለኪያ) ጋር አገናኘሁት። በ25 ዲግሪ 26 ሚሊ ሜትር አነበብኩ። መጽሐፉ ግን የዘይቱ ዋና ክፍል የሆነው የሲኒዮል የእንፋሎት ግፊት 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ይላል። በአምስት ሙቀቶች ለክቼ የግፊቱን ሎጋሪዝም ከኬልቪን ሙቀቱ ግልባጭ አንጻር ስነድፈው ቀጥ ያለ መስመር ስለወጣልኝ ልኬቴ ትክክል ይመስለኛል። ልዩነቱን ያመጣው የደብረ ማርቆስ ከፍታ ይሆን? ወይስ ዘይቱን ሳህን ላይ አድርጌ በሰዓት ስንት ግራም እንደሚቀንስ ብመዝን ይሻለኛል? ዓላማዬ የጎተራ በቆሎን ከነቀዝ ለመከላከል ስንት ዘይት እንደሚያስፈልግ ማስላት ነው።»

ምላሽ፦

ያነበቡት 26 ሚሊ ሜትር የሲኒዮል አይደለም፤ አብዛኛው የውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የእንፋሎት ግፊቱ 23.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሲኒዮል በዚያው ሙቀት 1.9 ገደማ ነው። ሲደመሩ 25.7 ይመጣል። ማኖሜትሩ አልዋሸም፤ ሁለት ፈሳሽ አስገብተው ለአንዱ ብቻ ስም ሰጡት እንጂ።

በእንፋሎት የወጣ ዘይት ጥርት ብሎ ቢታይም ከውሃ ነጻ አይደለም። ጥቂቱ ሟሙቶበት፣ ጥቂቱ ደግሞ በደቃቅ ጠብታ መልክ ተንጠልጥሎ አብሮ ይገባል። አንድ ሊትር ባዶ ቦታን በ25 ዲግሪ በውሃ እንፋሎት ለመሙላት 23 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ይህ የአንድ ጠብታ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ አንዱ የሌላውን ግፊት አይቀንስም፤ እያንዳንዱ ብቻውን እንዳለ ሆኖ የራሱን ያዋጣል። ዘይቱ ከቅጠሉ ሊወጣልዎት የቻለውም በዚሁ ጠባይ ነው። ሲኒዮል በባሕር ወለል ብቻውን ከሆነ 176 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈላም፤ ከውሃ ጋር ሲሆን ግን የሁለቱ ግፊት ድምር የአካባቢውን አየር ግፊት ስለሚያክል ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ አብሮ ይወጣል። ማውጫው ላይ የረዳዎት ነገር መለኪያው ላይ ጠላት ሆነብዎት ማለት ነው።

መስመሩ ቀጥ ስላለ ልኬቱ ትክክል ነው ማለትም አይቻልም። የመስመሩ ዘንበልታ የሚነግረን የትነት ሙቀትን ነው። የውሃው በሞል 44 ኪሎ ጁል ነው፤ የሲኒዮሉም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ከመኖሪያ ክፍል ሙቀት እስከሚፈላበት ድረስ በአማካይ ሲሰላ ያው 44 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ ውሃ ብቻውን ቢለካም መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ዘንበልታውም «ለሲኒዮል ይስማማል» የሚያሰኝ ይሆናል። ቀጥ ማለቱ የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው፦ አየሩን በሚገባ መሳብዎን። የቀረ አየር ቢኖር ኖሮ ግፊቱ በዲግሪ አንድ ሦስተኛ በመቶ ያህል ብቻ ስለሚጨምር መስመሩ በዝቅተኛው ሙቀት በኩል ይጎብጥ ነበር። ፓምፕዎና መገጣጠሚያዎ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ናሙናው ነው።

ከፍታው በዚህ የለበትም። የፈሳሽ የእንፋሎት ግፊት በፈሳሹ ዓይነትና በሙቀቱ ይወሰናል፤ ደብረ ማርቆስም ይለካ ባሕር ዳር ያው ነው። ከፍታ የሚለውጠው ሌሎች ሦስት ነገሮችን ነው፤ ሦስቱም ሳይታወቁ ልኬት ያበላሻሉ። አንደኛው የአካባቢው አየር ግፊት ራሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል (570 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ባሕር ዳር ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ነው። አንድ ጫፉ ክፍት በሆነ ማኖሜትር እየለካ 760ን የሚቀንስ ሰው ገና ሳይጀምር በ190 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ስለሆነ አያገለግልም፤ ባሮሜትር ይጠቀሙ። ሁለተኛው የመፍላት ሙቀት ነው። ንጹሕ ሲኒዮል ደብረ ማርቆስ ላይ 165 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ መጽሐፍ 176 ይላል ብሎ ጥሩውን ክፍል «ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚደፋ ሰው አይጠፋም። ሦስተኛው የጋዝ መጠን አቆጣጠር ነው፤ ዋናው እሱ ስለሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

የሳህኑን ሐሳብ ይተዉት። ከሳህን የሚጠፋው ክብደት የትነት ፍጥነት ነው። በሩ ሲከፈት ይፈጥናል፣ የሳህኑ ጠርዝ ከፍ ሲል ይዘገያል፣ ዘይቱ ሲተን ራሱን ስለሚያቀዘቅዝም እንደገና ይቀንሳል። ግፊቱ የሚታወቅ ፈሳሽ በተመሳሳይ ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል፤ የሚገኘው ግን ግምት ነው፤ ለመመረቂያ ሥራ አይበቃም።

ከመሣሪያው በፊት የሚለየው «የምለካው የምንን ግፊት ነው?» የሚለው ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትና ሲኒዮል አንድ አይደሉም። ዘይቱ ውስጥ አልፋ ፓይኒን፣ ሊሞኒን፣ ፓራ ሳይሚንና ሌሎችም አሉ። የአልፋ ፓይኒን የእንፋሎት ግፊት በ25 ዲግሪ ወደ 600 ፓስካል ነው፤ የሲኒዮል 250 አካባቢ (ያው 1.9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ)። ከመቶ ሞለኪውል 80ው ሲኒዮል፣ 15ቱ ፓይኒን ቢሆን ሲኒዮሉ 200፣ ፓይኒኑ 90 ፓስካል ገደማ ያዋጣሉ፤ በፈሳሹ ውስጥ 15 በመቶ የነበረው በእንፋሎቱ ውስጥ ሲሶ ይሆናል። ከዚያም ፓይኒኑ ቀድሞ እየሄደ ስለሚያልቅ የዘይቱ ግፊት በልኬቱ መካከል ይወርዳል። አረቄ የምታወጣ እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውና ወደ ማለቂያው የሚወርደው አንድ አይደለም። ለጥሬ ዘይት አንድ ቋሚ ቁጥር የለውም፤ ምን ያህሉ ከተነነ በኋላ እንደተለካ አብሮ ካልተጻፈ ትርጉም አይሰጥም።

ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ሲኒዮል ይለኩ፤ ጥሬውን ዘይት በኋላ። 99 በመቶ የሆነውን መግዛት ከተቻለ ድካም ይቀንሳል። ካልተቻለ ሲኒዮል በ1.5 ዲግሪ መርጋቱ ይረዳል። በውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት (ለ10 ሚሊ ሊትር ዘይት 1 ግራም፣ እየነቀነቁ፣ ሌሊቱን አሳድረው) ያድርቁትና ማቀዝቀዣ ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት። ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ በብርጭቆ ዘንግ የዕቃውን ግድግዳ ይጫሩት፣ ድንገት መርፌ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ይሠራል። ያልረጋውን ቀድሞ በቀዘቀዘ ማጥለያ በፍጥነት ያፍስሱት፣ የረጋውን አቅልጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ዘይቱ ጨርሶ ካልረጋ ሲኒዮሉ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ከቀይ ባሕር ዛፍ የወጣ ዘይት ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ንጽሕናውን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ያረጋግጡ፤ ለመጨረሻው ማድረቂያ ደግሞ በምድጃ ሙቀት የደረቀ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ማዕድን) ጥቂት ፍሬ ከጠርሙሱ ሥር ይተዉበት።

አሁን ወደ መሣሪያው። የሜርኩሪ ማኖሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሁለቱን ክንዶች ጉብታ በዓይን ሲያነቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት የተለመደ ነው፤ ከ1.9 ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ስሕተት ነው። ሜርኩሪው ቢፈስ የሚያመጣው ጣጣም አለ። በዝግ ዕቃ መለካቱን መቀጠል ከፈለጉ እስከ 1 ኪሎ ፓስካል የሚለካ ካፓሲታንስ ማኖሜትር (ግፊቱ የሚያጎብጠውን ስስ ሽፋን በኤሌክትሪክ የሚያነብ) ያስፈልግዎታል። ፒራኒ የሚባለውን የቫኪዩም መለኪያ ግን አይጠቀሙ፤ የጋዙን ሙቀት አስተላላፊነት እያየ ስለሚገምት፣ በናይትሮጅን የተስተካከለው ለሲኒዮል የሚያሳየው ቁጥር ሌላ ነው። በዝቅተኛ ግፊት እያፈሉ የመፍላት ሙቀቱን መመዝገብም ይቻላል፤ ነገር ግን በ5 ኪሎ ፓስካል እንኳ ሲኒዮል የሚፈላው 80 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በመስመር ወደ 25 ዲግሪ መውረድ ከ50 ዲግሪ በላይ መዝለል ነው፤ የትነት ሙቀቱ ወደ ታች ሲወረድ ስለሚጨምር ቀጥታው መስመር ከእውነተኛው ከፍ ያለ ግፊት ይሰጣል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ በጋዝ ሙሌት ዘዴ ይለኩ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 104ኛ የሙከራ መመሪያ ይህን ዘዴ እስከ 1000 ፓስካል ለሚደርስ ግፊት ይመድበዋል፤ ሲኒዮል በዚህ ውስጥ ይገባል። ቫኪዩም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥሩ ሚዛንና ትዕግሥት ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ደረቅ አየር በዝግታ ፈሳሹን በነካ ዶቃ መካከል ያልፋል፣ መሸከም የሚችለውን ያህል እንፋሎት ይሸከማል፣ ከዶቃው ዕቃ የጠፋው ክብደት ይመዘናል። በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር 15.7 ሚሊ ግራም ሲኒዮል ይሸከማል፤ 10 ሊትር 157 ሚሊ ግራም። የሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ የሚያነብ ሚዛን ለዚህ ይበቃል።

አየሩን ከናይትሮጅን ሲሊንደር ወይም ከዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይውሰዱ፤ ፓምፕ ከሆነ በሲሊካ ጄልና በአክቲቬትድ ካርቦን ዓምድ ያሳልፉት። በመርፌ ቫልቭ ወደ 50 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይቀንሱት። ከዚያ ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የሚስተካከል የውሃ ገንዳ) ውስጥ በተጠመቀ አንድ ሜትር ያህል የመዳብ ጥምዝ ቱቦ ይለፍ፤ አየሩ የባዙን ሙቀት ሳይዝ ፈሳሹ ጋ መድረስ የለበትም። ቀጥሎ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያላቸው ሁለት የዩ ቅርጽ የብርጭቆ ቱቦዎች በተከታታይ ይግጠሙ፤ እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በ2 ሚሊ ሜትር የብርጭቆ ዶቃ የተሞሉ፣ ዶቃው በ2 ሚሊ ሊትር ሲኒዮል የረጠበ። ፈሳሹ ሥሩ ላይ ተጠራቅሞ መንገዱን ከዘጋ አየሩ እያንኮሮኮረ ጠብታ ስለሚረጭ፣ የተረፈውን ያንጠፍጥፉት። ሁለተኛው ቱቦ የመጀመሪያው ምስክር ነው፦ ከመጀመሪያው የወጣው አየር በእርግጥ ከጠገበ የሁለተኛው ክብደት አይለወጥም። ከተለወጠ ፍሰቱ ፈጥኗል ወይም የዶቃው ርዝመት አጥሯል። ከሁለቱ በኋላ የካርቦን ቱቦ ይግባ፤ የእሱ ክብደት ጭማሪ ከመጀመሪያው ቱቦ ጉድለት ጋር መመሳሰል አለበት።

የባዙ ሙቀት ከ0.1 ዲግሪ በላይ አይዋዥቅ። የሲኒዮል ግፊት በአንድ ዲግሪ ወደ 6 በመቶ ይለዋወጣል፤ የግማሽ ዲግሪ ግድየለሽነት 3 በመቶ ያስከፍላል። መክደኛና ማያያዣ ሁሉ ብርጭቆ ወይም ቴፍሎን ይሁን። ሲኒዮል ጎማ ያሳብጣል፣ የሲሊኮን ቱቦ ይመጠዋል፣ የመገጣጠሚያ ቅባት ያሟሟል፤ ከቅባቱ የሟሟው ደግሞ ክብደትዎን ያዛባል። የክፍሉ ሙቀት 18 ሆኖ ባዙ 25 ከሆነ መውጫው ላይ ጠል ይሠራል። መውጫውን ወደ ውጭ ያዘንብሉት፤ ያ ጠል ወደ ዶቃው ተመልሶ ከተንጠባጠበ ጉድለቱ ያንሳል፣ ግፊቱም ዝቅ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ከፍታው የሚመጣው። ቀመሩ ይህ ነው፦ ግፊት (በፓስካል) እኩል ነው የጠፋው ክብደት በግራም ሲባዛ በ8.314 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር)፣ ሲባዛ በኬልቪን ሙቀት፣ ሲካፈል ለ154.25 (የአንድ ሞል ሲኒዮል ክብደት በግራም) እና ለአየሩ መጠን (በሜትር ኩብ) ብዜት። ለ157 ሚሊ ግራምና ለ10 ሊትር 252 ፓስካል ይወጣል። «የአየሩ መጠን» ማለት ግን ቱቦው ውስጥ፣ በቱቦው ሙቀትና በደብረ ማርቆስ ግፊት የያዘው ቦታ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክ ፍሰት መለኪያዎች የሚቆጥሩት በዜሮ ዲግሪና በ101.3 ኪሎ ፓስካል የተሰላ «ስታንዳርድ ሊትር» ነው። ያ አንድ ሊትር ደብረ ማርቆስ ላይ በ25 ዲግሪ 1.45 ሊትር ይሆናል። ይህን የዘነጋ ሰው የሚያገኘው ግፊት በ45 በመቶ የገነነ ነው፤ ፍሰቱን ቢቀይር፣ ሙቀቱን ቢቀይር ያው 45 በመቶ ገደማ ስለሚከተለው መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዓይን የማይታይ ስሕተት ከዚህ የባሰ የለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የሳሙና አረፋ መለኪያ። 100 ሚሊ ሊትር ቡሬት፣ ከታች የሳሙና ውሃ ያለበት የጎማ ጡት፣ አንድ ሰዓት መቁጠሪያ። ከካርቦኑ ቱቦ በኋላ ያስቀምጡት፤ በ50 ሚሊ ሊትር ፍሰት አረፋዋ 100 ሚሊ ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ትወጣለች። በየ20 ደቂቃው ይመዝግቡ፤ 10 ሊትር ለመሙላት 200 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት እርማት አለው። ደረቁ አየር ከሳሙናው ውሃ ይወስዳል፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ 2.34 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከ76ቱ 3.1 በመቶ፤ ያነበቡትን በ0.969 ያባዙ። ቱቦው ደግሞ ከክፍሉ ስለሚሞቅ በ298.15 አባዝተው ለ293.15 ያካፍሉ። ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ ተብሎ አይተዉም፤ ባዙ 35 ዲግሪ ሲሆን ሁለተኛው በጣም ያይላል።

ሲኒዮል ከማስገባትዎ በፊት መሣሪያውን በተጣራ ውሃ ይፈትኑት። ከላይ ችግር የሆነው ውሃ እዚህ ዳኛ ይሆናል፤ የእንፋሎት ግፊቱ በደንብ የታወቀ ነውና። ደብረ ማርቆስ ላይ 10 ሊትር ደረቅ አየር በ25 ዲግሪ ውሃ በነካው ዶቃ ቢያልፍ ወደ 240 ሚሊ ግራም መውሰድ አለበት። 230 ሚሊ ግራም ብቻ የጠበቀ ሰው እንፋሎቱ ራሱ የአየሩን መጠን በ4 በመቶ እንደሚያሰፋ ረስቷል፤ በሲኒዮል ግን ይህ 0.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሊተው ይችላል። ከ235 እስከ 245 ካገኙ መሣሪያው ደህና ነው። 180 ካገኙ አየሩ አልጠገበም ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ወደ ሲኒዮል አይለፉ። ሲያልፉ ዶቃውንና ቱቦውን በ110 ዲግሪ ያድርቁ።

ለእያንዳንዱ ሙቀት በ25፣ በ50 እና በ100 ሚሊ ሊትር ፍሰት ይሞክሩ። ሦስቱ ከተስማሙ ሙሌቱ እውነት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ከወረደ አልጠገበም፤ በዝግታው ብቻ ከፍ ካለ እንፋሎቱ ያለ አየሩ እርዳታ እያመለጠ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ፍሰት ሳይኖር ቱቦውን ለሦስት ሰዓት ባዙ ውስጥ አቆይተው ይመዝኑ፤ ጉድለቱ ከ1 ሚሊ ግራም ከበለጠ መክደኛው ያስተነፍሳል። ከመመዘንዎ በፊት ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው 20 ደቂቃ ሚዛኑ አጠገብ ያስቀምጡት። በዚያው ናሙና ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሲለኩ ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ሲኒዮሉ አልነጻም፤ ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሱ። ማሞቂያ ላይ እሳት አይጠቀሙ፤ ሲኒዮል በ49 ዲግሪ አካባቢ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል።

የጎተራው ስሌት የቀረው ነው። የእንፋሎት ግፊት የሚነግርዎት ጣሪያውን እንጂ መጠኑን አይደለም። በ25 ዲግሪ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15.7 ግራም (17 ሚሊ ሊትር ገደማ) በላይ ሲኒዮል በእንፋሎት መልክ ሊኖር አይችልም። አሥር ኩንታል የተፈለፈለ በቆሎ 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየር ከዚያ 40 በመቶ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃዋል ማለት ነው። በተግባር ግን በቆሎው ራሱ ዘይቱን ይመጠዋል፣ በጭቃና በእበት የተለሰነው ግድግዳም እንዲሁ፤ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል። ፕላስቲክ ከረጢትም ቢሆን ሲኒዮልን ቀስ በቀስ ያሳልፋል። ነቀዙን የሚገድለውን መጠን ከእንፋሎት ግፊት ማስላት ስለማይቻል፣ በቆሎና ነቀዝ ያለበት ክዳኑ የጠበቀ ማሰሮ ውስጥ መጠኑን እየለዋወጡ በሙከራ ይለዩት። ለምግብ የተቀመጠ እህል ላይ ሙከራው ሳያልቅ አያፍስሱ፤ ሽታው ፍሬው ውስጥ ይቀራል።

የደብረ ማርቆስ ጎተራ ደግሞ ሌሊቱን 25 ዲግሪ አይቆይም። በ10 ዲግሪ ያ 15.7 ግራም ወደ 6 ግራም ይወርዳል፤ ትርፉ ወደ ፍሬውና ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ስለዚህ ከሚለኩባቸው አምስት ሙቀቶች ሁለቱ 10 እና 15 ይሁኑ፤ ባዙ ውስጥ በረዶ እየጨመሩ ያረጋጉት፣ ጉድለቱ ትንሽ ስለሚሆንም በ10 ሊትር ፋንታ 20 ሊትር ያሳልፉ።